ለሕዝቡ ፊደል የቀረጸው አንጥረኛ

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ዓምዳችን ይዘንላችሁ የቀረብነው የአንድ ባለ እጅ ታሪክ ነው። ሰውየው ንጉሥ አልነበረም፤ የጦር አዛዥም አልነበረም። ትምህርት ቤት ገብቶ አንድ ቀን እንኳ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት አልተቀመጠም። ሆኖም ራሱ ማንበብና መጻፍ ሳይችል ተነስቶ ለሕዝቡ ሙሉ ፊደል ሠርቶ አስረከበ። ስሙ ሴኮያ ይባላል። ወገኑም ቸሮኪ ከሚባለው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ነው።

ይህን ሰው የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እኛ ዕጩ መምህራን ነገ በየደረስንበት የፊደል ገበታ ሰቅለን ሕፃናትን ማስቆጠራችን አይቀርም። ይሁንና የአብዛኞቹን የዓለም ፊደላት ቀራጮች በስም የሚያውቃቸው የለም። የሴኮያ ግን ስሙም፣ ሥራውም፣ የደከመበት ዘመንም ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ሴኮያ የኖረው የአሜሪካ ፖለቲካ በተለወጠበትና ሕዝቧ ወደ ምዕራብ በጎረፈበት ዘመን ነው። የቸሮኪ ሕዝብ ፊደል የቆጠረውና መሬቱን የተነጠቀው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ነው። ታዲያ ፊደል ለሕዝብ ምን ያደርግለታል? ምንስ አያደርግለትም? ጥያቄው የመምህር ጥያቄ ነውና እስቲ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንከታተለው። በጽሑፉ ውስጥ የምናነሣቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ልደቱና አገሩ

ሴኮያ የተወለደው በ1770 ገደማ፣ ዛሬ ቴነሲ በሚባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ ቱስኪጊ በምትባል የቸሮኪ መንደር ነው። ትክክለኛውን ዓመት የጻፈለት ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ በቸሮኪ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ከነጭራሹ አልነበረም። እናቱ ቸሮኪ ነበረች። ስለ አባቱ ማንነት ጸሐፊዎች ይከራከራሉ፤ ብዙዎቹ ግን ነጭ ወይም ከነጭ የተወለደ ሰው ነበር ይላሉ። በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ጆርጅ ጊስት የሚለው ስምም የመጣው በአባቱ በኩል ነው። ያም ሆነ ይህ በቸሮኪ ደንብ ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ጎሣ ስለሆነ ሴኮያ ከእግር እስከ ራሱ ቸሮኪ ሆኖ አደገ። እንግሊዝኛ አልተማረም።

አንድ እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ያነክስ ነበር። አንዳንዶች ከበሽታ ነው ይላሉ፣ አንዳንዶች ደግሞ ከጉዳት። መቼም እግሩ ደካማ የሆነ ሰው እጁ ይበረታል እንዲሉ፣ ሴኮያ ብር እያነጠረ ጌጣጌጥ የሚሠራ፣ ብረትም የሚቀጠቅጥ የተዋጣለት ባለ እጅ ወጣው። ይህን ሙያውን ልብ እንበል። ነገር አስተውሎ ማየት፣ ቅርጽ ማውጣት፣ ያልሆነውን አቅልጦ እንደገና መሥራት የአንጥረኛ ጠባይ ነው። ኋላ ፊደሉን የሠራውም በዚሁ ጠባይ ነው።

የዘመኑ ሁኔታ

አሁን ደግሞ ቸሮኪዎች በምን ዘመን ላይ እንደነበሩ ጥቂት እንበል፤ አለዚያ የሚቀጥለው ታሪክ አይገባንም። ቸሮኪዎች ይኖሩ የነበረው ዛሬ ጆርጂያ፣ ቴነሲ፣ ሰሜን ካሮላይናና አላባማ በሚባሉት ግዛቶች ተራሮችና ሸለቆዎች ውስጥ ነው። አዲሲቱ የተባበሩት መንግሥታት የምትባለው አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ ከወጣች ገና ብዙ አልቆየችም። ሕዝቧ ግን በፍጥነት እየበዛ መሬት ፈላጊው በየወንዙ ዳር ወደ ምዕራብ ይገፋ ነበር።

በ1793 ኤላይ ዊትኒ የተባለ ሰው የጥጥ መዳመጫ መኪና ሠራ። ፍሬውን ከጥጡ መለየት ቀላል ሲሆን ጥጥ ማምረት አትራፊ ሆነ፤ ጥጥ ሲያተርፍ ደግሞ የደቡብ መሬት ተፈላጊነት ናረ። መሬቱን የሚያርሱት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩና የባርነቱም ቀንበር አብሮ ከበደ። በ1802 የፌዴራሉ መንግሥት ከጆርጂያ ጋር ተዋዋለ፤ ጆርጂያ በምዕራብ በኩል የምትጠይቀውን መሬት ስትለቅ፣ የፌዴራሉ መንግሥት በበኩሉ በጆርጂያ ወሰን ውስጥ ያሉትን ነባር ሕዝቦች የመሬት ባለቤትነት በጊዜ ሂደት ሊያስቀርላት ቃል ገባ። ቸሮኪዎች በዚህ ውል ላይ አልተጠየቁም። በሚቀጥለው ዓመት በ1803 ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን ሉዊዚያና የሚባለውን ሰፊ አገር ከፈረንሣይ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ የአገሪቱም ስፋት በአንድ ጊዜ እጥፍ ያህል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ነባሮቹን ሕዝቦች ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ማስፈር ይቻላል የሚለው ሐሳብ በባለሥልጣኖች አእምሮ እየሰረጸ ሄደ።

ታዲያ ቸሮኪዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የአሜሪካ መንግሥት እረሱ፣ ፍተሉ፣ ሸምኑ ብሎ ሲመክራቸው ብዙዎቹ ተቀብለው አርሰዋል፣ ፈትለዋል፣ ሸምነዋል። እንዲያውም ሀብታሞቹ እንደ ነጮቹ የጥጥ እርሻ ከፍተው በጥቁር ባሪያ እስከ ማሠራት ደርሰዋል። ይህን የምንናገረው ታሪክ ሲነገር አንዱን ጎን ብቻ መናገር ተገቢ ስላልሆነ ነው።

ዘመቻው

በ1813 በጎረቤታቸው በክሪክ ሕዝብ መካከል ጦርነት ተነሣ። ከክሪኮች ከፊሎቹ የነጮችን መስፋፋት በመሣሪያ ለማስቆም ተነስተው ነበር። የቴነሲው ጄኔራል አንድሩ ጃክሰን ሊወጋቸው ሲዘምት ቸሮኪዎች ከጃክሰን ጎን ተሰለፉ፤ ሴኮያም ከነእግሩ አብሮ ዘመተ። መጋቢት 27 ቀን 1814 ሆርስሹ ቤንድ በተባለ የወንዝ ጥምዝ ላይ በተደረገው ጦርነት የቸሮኪ ተዋጊዎች ወንዙን ዋኝተው የጠላትን ታንኳዎች ማረኩ፤ በስተጀርባም ገብተው ድሉን አፋጠኑት። በዚያ ቀን ከ800 የማያንሱ የክሪክ ተዋጊዎች አለቁ። በዚያው ዓመት በተፈረመው ውል ክሪኮች ከ20 ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት እንዲለቁ ተደረገ፤ ከዚህ ውስጥ ከጃክሰን ጎን የተዋጉት ክሪኮች መሬት ጭምር ነበረበት። ወዳጅም ጠላትም እኩል ተነጠቁ ማለት ነው። ቸሮኪዎች የኋላ ኋላ ይህንኑ ጽዋ እንደሚጠጡ ያን ጊዜ ያሰበ ሰው ብዙ አልነበረም።

በዚህ ዘመቻ ሴኮያ አንድ ነገር እንዳስተዋለ ይነገራል። ነጮቹ ወታደሮች ለቤተሰባቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ የመጣላቸውን ያነባሉ። የሆነውን ሁሉ በወረቀት ይይዛሉ። ቸሮኪው ግን ከቤቱ ከወጣ ወሬው ተቆረጠ። እኛስ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንል የለም? ሴኮያ ያን ተረታችንን ባይሰማም ቁም ነገሩ ገብቶታል።

ፊደሉ እንዴት ተሠራ?

ሴኮያ ስለ ጽሕፈት ማሰብ የጀመረው ከዘመቻውም በፊት በ1809 ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ጓደኞቹ የነጮች ጽሕፈት ለነሱ ብቻ የተሰጠ ልዩ ጥበብ ወይም አስማት ይመስላቸው ነበር። እሱ ግን ነገሩ የሰው ሥራ ነው፣ የሰው ሥራ ከሆነ ደግሞ እኔም እሠራዋለሁ ብሎ ተነሣ። አነሣሡ ይህ ነው።

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ምልክት ለመሥራት ሞከረ። ምልክቶቹ በዙ፤ በመቶ አልፈው በሺህ መቆጠር ጀመሩ። እሱ ራሱ የሠራውን መልሶ ማስታወስ አቃተው። በዚህ መካከል እርሻው ዳዋ ዋጠው፤ ጎረቤቱ ሰውየው አብዷል ብሎ አማው፤ ከዚያም ጠንቋይ ነው ተባለ። ሚስቱ ተበሳጭታ የለፋበትን ሁሉ እሳት ውስጥ ጨመረችው የሚል ታሪክም ይነገራል። በእኛም አገር ባለ እጅ ሰው በጥርጣሬ ሲታይ መኖሩን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ዓይነቱ ሐሜት እንግዳ አይደለም። ሴኮያ ግን ወይ ፍንክች!

ቆይቶ መንገዱ ስህተት መሆኑን ተረዳ። ቃላት ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ ቃላቱ የተሠሩባቸው ድምፆች ግን ውስን ናቸው። ስለዚህ ንግግርን በጆሮው እየሰነጠቀ በክፍለ ቃል ይለየው ጀመር። የሰው ንግግር እያዳመጠ አዲስ ድምፅ በሰማ ቁጥር ምልክት ያወጣለታል፤ የተደጋገመውን ይሰርዛል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከ12 ዓመት ያህል ድካም በኋላ በ1821 ሥራው ተጠናቀቀ። ምልክቶቹ 86 ነበሩ፤ ኋላ አንዱ ቀርቶ 85 ሆኑ።

እዚህ ላይ ለሙያችን የሚጠቅም ነገር ስላለ ትንሽ እንቆይ። የቸሮኪ ፊደል እንደ እኛው ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይይዛል። በእኛ ፊደል ግን ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሆሄያት ዘመድነታቸው ከመልካቸው ይታወቃል፤ ‹‹ለ››ን ያወቀ ልጅ ‹‹ሉ››ን እና ‹‹ሊ››ን በቅጥያቸው ይለያል። በሴኮያ ፊደል ግን ‹‹ላ›› እና ‹‹ሊ›› በመልክ አይገናኙም፤ እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ይጠናል። ለብቻዋ ተነባቢ ሆና የቆመችው ‹‹ስ›› ብቻ ናት። አንዳንዶቹን ቅርጾች ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ አይቶ የወሰዳቸው ናቸው። ማንበብ ስለማይችል ግን ድምፃቸውን አልወሰደም። በዚህም ምክንያት ‹‹ደብልዩ››ን የሚመስለው ምልክት ‹‹ላ›› ተብሎ ይነበባል፤ ‹‹ዲ››ን የሚመስለው ‹‹አ››፣ ‹‹ኤች››ን የሚመስለው ደግሞ ‹‹ሚ›› ነው።

85 ምልክት በቃል መያዝ ለጀማሪ ብዙ ሊመስል ይችላል። ጥቅሙ ግን ወዲያው ይታያል። ቸሮኪኛ ለሚናገር ሰው ምልክቶቹን ማወቅ ማለት ማንበብ መቻል ማለት ነው። እንደ እንግሊዝኛ ፊደሉን ካወቁ በኋላ ደግሞ የአጻጻፉን ልማድ ለመልመድ ዓመታት መፍጀት የለም።

የመጀመሪያዋ ተማሪ

አዲስ ፊደል ሠርቶ መቀመጥ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የሚማረው ሰው ያስፈልጋል። የሴኮያ የመጀመሪያ ተማሪ ትንሿ ልጁ አዮካ ናት። ዕድሜዋ ያኔ 6 ዓመት ገደማ እንደነበረ ይነገራል። አዋቂዎቹ በጥርጣሬ ሲሸሹት ልጅቱ ተጫወተችበትና ለመደችው። መምህራኖቻችን የሕፃን አእምሮ ለአዲስ ነገር ክፍት ነው እያሉ የሚያስተምሩን ትክክል መሆኑ እዚህም ይታያል።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎችና ባላባቶች ነገሩን ሊመረምሩ ተሰበሰቡ። አባትና ልጅ እንዳይተያዩና እንዳይሰማሙ ተለያይተው እንዲቀመጡ ተደረገ። ለአንዱ የተነገረው ቃል ይጻፋል፣ ወረቀቱም ለሌላው ይወሰዳል። ወረቀቱ የተነገረውን ሳያጓድል ተነበበ! ፈታኞቹ ይህም ተንኮል ይኖረዋል ብለው ወጣቶችን ለሴኮያ ሰጥተው አስተማሩ፤ ወጣቶቹም እንዲሁ ጻፉ፣ አነበቡ። ጥንቆላ የተባለው ነገር በዚሁ አበቃ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለማመን ያስቸግራል። ሕንፃ አልተሠራም፣ በጀት አልተመደበም፣ የሠለጠነ መምህር አልተላከም። የተማረው ላልተማረው እያሳየ ፊደሉ ከቤት ወደ ቤት፣ ከመንደር ወደ መንደር ተዛመተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ቸሮኪዎች በቋንቋቸው አነበቡ፣ ጻፉ። በ1824 የሕዝቡ ጉባኤ ለሴኮያ የብር ሜዳሊያ እንዲሰጠው ወሰነ። ብር አንጣሪው በተራው ብር ተሸለመ። በ1825 ደግሞ ፊደሉ የሕዝቡ ይፋ ጽሕፈት ሆነ።

ሴኮያ ራሱ በዚህ ጊዜ ወደ ምዕራብ ሄዶ ነበር። ከቸሮኪዎች ከፊሎቹ ቀደም ብለው በግፊትም በፈቃድም ወደ አርካንሶ ተሰደው ስለነበር፣ ፊደሉን ሊያስተምራቸው ወደነሱ ዘልቆ እዚያው ቀረ። በምሥራቅና በምዕራብ የተለያዩ ዘመዳሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ደብዳቤ መጻጻፍ ጀመሩ።

ሕገ መንግሥትና ጋዜጣ

በ1827 ቸሮኪዎች የራሳቸውን ሕገ መንግሥት ጻፉ። ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና ዳኝነት የተለያዩበት መንግሥት አቆሙ፤ ዋና ከተማቸውም ኒው ኢቾታ ነበረች። ይሁንና ሕገ መንግሥቱ ሴቶችንና ጥቁሮችን ከምርጫ አግልሏል። የነጮቹን ሲቀዱ ጉድለቱንም አብረው መቅዳታቸው ነው። በ1828 ጆን ሮስ ዋና አለቃ ሆኖ ተመረጠ።

የካቲት 21 ቀን 1828 ደግሞ የቸሮኪ ፊኒክስ የተባለው ጋዜጣ የመጀመሪያ እትም በዚያችው ከተማ ወጣ። ፊኒክስ በተረት ተቃጥላ ከአመዷ የምትነሣ ወፍ ናት። የማተሚያው ፊደል ቦስተን ከተማ ተቀርጾ መጣ። ለህትመት እንዲመች ሲባልም የሴኮያ የእጅ ጽሑፍ ቅርጽ ተስተካከለ። አዘጋጁ ኢላያስ ቡዲኖት የተባለ የተማረ ቸሮኪ ሲሆን፣ ሳሙኤል ዉስተር የተባለ ሚስዮናዊም በሥራው ይረዳ ነበር። ጋዜጣው በቸሮኪኛና በእንግሊዝኛ ይወጣ ስለነበር ሕዝቡ ሕጉንና ወሬውን በቋንቋው ያነባል፤ ነጮቹም የሕዝቡን አቤቱታ በቋንቋቸው ያነባሉ። በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተዘጋጀ የመጀመሪያው ጋዜጣ ይህ ነው። እኛ ይህችን የግድግዳ ጋዜጣ ለማውጣት ስንት ደጅ እንደምንጠና ስናስበው፣ እነሱ በጫካ መሐል ማተሚያ ቤት ማቆማቸው ያስገርመናል።

ፖለቲካው ተለወጠ

ነገር ግን በዚያው ዓመት በ1828 አንድሩ ጃክሰን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ዘመኑ በአሜሪካ የሕዝብ አስተዳደር የሰፋበት ተብሎ ይጠራል። እውነትም በብዙ ግዛቶች ለመምረጥ ንብረት ይኑርህ የሚለው ደንብ እየተነሣ፣ ተራው ነጭ ገበሬና ሠራተኛ የመምረጥ መብት አገኘ። ታዲያ ይህ መብት ያገኘ መራጭ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው መሬት ነበር። መሬቱ ደግሞ ባለቤት ነበረው። እንግዲህ ለአንዱ የሰፋው መብት ለሌላው መፈናቀል ሆነ ማለት ነው። ሴቶች፣ ባሮችና ነባር ሕዝቦች ከዚያ መብት ውጭ ነበሩ።

በዚሁ ጊዜ በቸሮኪዎች ምድር ወርቅ ተገኘ። ወርቅ ፈላጊው እንደ አንበጣ ወረረው። ጆርጂያ የቸሮኪ መንግሥት ከእንግዲህ የለም፣ ሕጉም ፈራሽ ነው ብላ አወጀች፤ ቸሮኪ በነጭ ላይ በፍርድ ቤት መመስከር አይችልም ተባለ። ግንቦት 28 ቀን 1830 ጃክሰን ነባር ሕዝቦችን ከሚሲሲፒ ማዶ ለማስፈር የወጣውን ሕግ ፈረመ። ሕጉ በኮንግሬስ ያለፈው ከብርቱ ክርክር በኋላ በጠባብ የድምፅ ብልጫ ነው። በ1832 የቸሮኪዎች መሬት ለጆርጂያ ነዋሪዎች በዕጣ ተከፋፈለ።

ቸሮኪዎች አሁንም መሣሪያ አላነሡም። መሣሪያቸው ብዕርና ሕግ ነበር። አቤቱታ ጻፉ፣ ጠበቃ አቆሙ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። የጋዜጣው ረዳት ዉስተር ያለ ጆርጂያ ፈቃድ በቸሮኪ ምድር ተቀምጠሃል ተብሎ የ4 ዓመት ከባድ የጉልበት እስራት ተፈርዶበት ነበር። በ1832 በዋና ዳኛው በጆን ማርሻል የሚመራው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጆርጂያ ሕግ በቸሮኪ ምድር ላይ አይሠራም ሲል ፈረደ። ቸሮኪዎች በፍርድ ረቱ! ምን ዋጋ አለው፣ ጆርጂያ ፍርዱን አልተቀበለችም፤ ፕሬዚዳንቱም እንዲከበር አላደረገም።

ያን ጊዜ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። እነ ሮስ እስከ መጨረሻው እንቆያለን ሲሉ፣ ቡዲኖትና ጓደኞቹ ግን መሬቱ መሄዱ ካልቀረ ዋጋ ተቀብለን ብንሄድ ይሻላል አሉ። ታኅሣሥ 29 ቀን 1835 ጥቂት ሰዎች ያለ ሕዝቡ መንግሥት ውክልና በኒው ኢቾታ ውል ፈርመው መሬቱን በ5 ሚሊዮን ዶላር ለቀቁ። በሺህ የሚቆጠሩ ቸሮኪዎች ውሉን ተቃውመው አቤት ቢሉም ሴኔቱ በ1836 አጸደቀው፤ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያለፈው በአንድ ብቻ ነው። ጋዜጣው በ1834 ቆሞ ነበር፤ በ1835 ማተሚያው ራሱ በጆርጂያ ጠባቂዎች ተወሰደ።

የእንባው ጎዳና

በግንቦት ወር 1838 በጄኔራል ዊንፊልድ ስኮት የሚመሩ 7,000 ያህል ወታደሮች ተሰማሩ። ገበሬው ከእርሻው፣ እናት ከምድጃዋ እየተነሡ በእንጨት በታጠሩ ካምፖች ታጎሩ። በበጋው ሙቀት በካምፖቹ ውስጥ በሽታ ገባ። ከዚያ በመኸርና በክረምት በቡድን በቡድን ሆነው፣ አብዛኛው በእግሩ፣ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተጓዙ። ከ16,000 ያህሉ ሕዝብ ውስጥ 4,000 የሚሆነው በካምፕና በመንገድ እንዳለቀ ይገመታል። ቸሮኪዎች ይዘዋቸው የነበሩት ጥቁር ባሮችም በዚያው መንገድ ተጉዘዋል፣ በዚያው መንገድ ሞተዋል። ይህ ጉዞ እስከ ዛሬ የእንባ ጎዳና ይባላል።

ሴኮያ በዚህ ጉዞ ላይ አልነበረም። በ1828 ከአርካንሶ ቸሮኪዎች መልእክተኞች ጋር ዋሽንግተን ሄዶ ነበር። ያን ጊዜ በተፈረመው ውል የአርካንሶውን መሬት ለቀው ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው አገር አለፉ። በውሉ ውስጥ ለሴኮያ ስለ ፊደሉ ውለታ 500 ዶላር እንዲሰጠው ተጽፏል። ሠዓሊው ቻርልስ በርድ ኪንግም ያን ጊዜ ሥሎታል፤ ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ ረጅም ፒፓውን ይዞ፣ በጣቱ የፊደል ገበታውን ሲያሳይ ይታያል። በ1829 በአዲሱ አገር ከግንድ የተሠራ ትንሽ ቤት ሠራ፤ ያ ቤት ዛሬም አለ።

አስታራቂው

የተፈናቀሉት በ1839 ሲደርሱ ሌላ ችግር ተፈጠረ። ቀድመው የሰፈሩት የራሳቸው መንግሥት ነበራቸው፤ አዲስ መጤዎቹም በቁጥር የሚበልጡ ሆነው የራሳቸውን ይዘው መጡ። በዚያው በሰኔ ወር ቡዲኖትና ሌሎች ሁለት የውሉ መሪዎች በቂም ተገደሉ። ወንድም ወንድሙን ሊጨርስ ጫፍ ደረሰ። ያን ጊዜ ሁለቱ ወገኖች የሚያከብሩት ሰው ሴኮያ ነበር፤ ሁለቱም የሚያነቡት የሱን ፊደል ነውና። ከቀደምት ሰፋሪዎች በኩል ሆኖ ሽምግልና ተቀመጠ። ሐምሌ 12 ቀን 1839 የአንድነቱ ስምምነት ተፈረመ፤ በመስከረም አዲስ ሕገ መንግሥት ወጣ፤ ዋና ከተማዋም ታለኳ ሆነች። ቂሙ ሁሉ በዚያ ቀን አልጠፋም፤ ሕዝቡ ግን እንደ ሕዝብ ቆመ። በ1841 የሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንዲቋቋሙ ተወሰነ። በ1844 ሌላ ጋዜጣ ተጀመረ። በ1851 ለወንዶችና ለሴቶች የከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ።

ሴኮያ ግን እነዚያን ትምህርት ቤቶች አላየም። ከቸሮኪዎች ከፊሎቹ ከቴክሳስ ተባርረው ወደ ሜክሲኮ እንደተሰደዱ ሰምቶ ነበርና በ1842 ያን እግሩን ይዞ፣ ልጁንና ጥቂት ሰዎችን አስከትሎ፣ ሊፈልጋቸው ወጣ። ዕድሜው 70 ገደማ ነበር። በ1843 እዚያው ሜክሲኮ ውስጥ አረፈ። መቃብሩ አልተገኘም።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ውድ አንባብያን፣ ይህን ታሪክ ፊደል የቆጠረ ሕዝብ አይጠቃም ብለን ብንዘጋው ደስ ይለን ነበር። እውነቱ ግን እንዲያ አይደለም። ቸሮኪዎች አነበቡ፣ ጻፉ፣ ሕግ አወጡ፣ በፍርድ ረቱ፤ መሬታቸው ግን ተወሰደ። ስለዚህ እኛ ነገ ክፍል ገብተን ተማር ብቻ፣ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል ብለን ለልጅ መማል የለብንም።

ሆኖም ሌላውንም ጎን እንመልከት። መሬቱ በወታደር ተወሰደ፤ ማተሚያው በጠባቂዎች ተወሰደ። ፊደሉን ግን ማንም ሊወስደው አልቻለም፤ የነበረው በሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነውና። በእንባው ጎዳና ላይ ምንም ጓዝ ያልያዘ ሰው ፊደሉን ይዞ ነበር የሄደው። በአዲሱ አገር መንግሥት፣ ትምህርት ቤትና ጋዜጣ እንደገና የተሠሩት በዚያ ነው። የተፈጸመባቸው ግፍም ቢሆን ከበዳዩ መዝገብ ብቻ ሳይሆን ከራሳቸው ጽሑፍ ጭምር ዛሬ የሚታወቀው በዚያ ነው።

በ1917 የኦክላሆማ ግዛት የሴኮያን ሐውልት አሠርታ በዋሽንግተን ምክር ቤት የሐውልት አዳራሽ አቆመች። ያ ሕንፃ የመፈናቀሉ ሕግ የተወሰነበት የዚያው የኮንግሬስ ቤት ነው። በ1999 ደግሞ የዓለም ፊደላት ለኮምፒዩተር በሚመዘገቡበት ዩኒኮድ በተባለው ሥርዓት፣ በሦስተኛው እትም፣ የሴኮያ ፊደልና የእኛው ፊደል አብረው ገቡ። በዚህ በኩል የአንድ ዓመት ምሩቃን ነን ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ሥራው አላለቀም። የቸሮኪ ሕዝብ ዛሬ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሲሆን ቋንቋውን አቀላጥፎ ይናገር የነበረው በ2019 ገደማ 2,000 ያህል ብቻ ነበር። በ2019 ሦስቱ የቸሮኪ መንግሥታት ቋንቋው አደጋ ላይ መሆኑን በይፋ አውጀዋል። ትምህርቱን በሙሉ በቸሮኪኛ የሚሰጥ የሕፃናት ትምህርት ቤት ታለኳ ውስጥ አለ፤ ልጆቹም የሚማሩት በሴኮያ ፊደል ነው። ፊደል ያለ ተናጋሪ፣ ተናጋሪም ያለ ልጅ አይቆይም። እንግዲህ አንጥረኛው የራሱን ድርሻ ጨርሶ አስረክቧል። የቀረው የመምህሩ ድርሻ ነው።

በሚቀጥለው እትማችን ሌላ ታሪክ ይዘን እስክንገናኝ በደህና ቆዩን።